አሮጌ ኮርስ ሳይክል፣ አንድ ዙር ውድድር እና 10 ኪሎ ሜትር፦ የ16 ሳምንት ማስታወሻ

ሳምንት 1 (ሐምሌ መጨረሻ)

ሳይክሉን ገዛሁት። 14 ሺህ ብር። ባለቤቱ 18 ሺህ ብሎ ነበር የጀመረው። የኋላ ጎማው ሲሽከረከር ግራ ቀኝ እንደሚል ስላሳየሁት ወረደ። የብረት ፍሬም፣ ከፊት ሁለት ባለ ጥርስ ክብ (ባለ 52 እና ባለ 42 ጥርስ)፣ ከኋላ ስድስት። ቀለሙ ተልጧል፣ ፍሬሙ ግን የተበየደበት ቦታ የለም። በደንብ ነው ያየሁት።

ዕቅዴ ሁለት ውድድር ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እዚሁ ሐዋሳ የሚካሄድ የሳይክል ዙር ውድድር አለ። ኅዳር ላይ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ታላቁ ሩጫ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ሥራዬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት መሥራት ነው። ክለብ የለኝም፣ አሠልጣኝም የለኝም። ጠዋት ከ11፡30 እስከ 1፡00 ሰዓት ያለው ጊዜ የኔ ነው።

ከመንዳት በፊት መቀየር ያለበት፦ ሁለቱም ጎማ (ተሰነጣጥቋል) 3,200፣ የውስጥ ጎማ ሁለት 800፣ የፍሬን ጎማ 350፣ ሄልሜት 1,900። ሄልሜቱ ላይ አልተከራከርኩም።

ሳምንት 2

የኋላውን ቸርኬ ፈታሁት። ግራ ቀኝ የሚለው ጠሞ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። አይደለም። ኩሽኔታው ላልቶ ነው። ከፍቼ ሳየው ግሪሱ ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል። በነጭ ጋዝ አጠብኩት። ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን ዘጠኝ ዘጠኝ ብይ አለ። እኔ ያገኘሁት በአንዱ በኩል ዘጠኝ፣ በሌላው ስምንት። አንዱ ቀድሞ ጠፍቶ ይሁን እኔ ስፈታ ወድቆ አላውቅም። መሬቱን በማግኔት ፈተሽኩ፣ አጣሁት።

አንድ አዲስ ብይ ገዝቼ ልጨምር ስል ጋሼ ከለከሉኝ። ጋሼ አሮጌ ገበያ አካባቢ ሳይክል የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ አዲሱ ከአሮጌዎቹ ትንሽ ይወፍራል። ጭነቱን ሁሉ እሱ ብቻውን ይሸከማል። ሁሉንም ቀይር» አሉኝ። 18ቱንም ቀየርኩ። ከግሪሱ ጋር 280 ብር።

ስገጥመው ደግሞ አጠበቅኩት። ቸርኬውን በእጄ ሳሽከረክረው ጣቴ ላይ የአሸዋ ስሜት ይሰጠኛል። እንደገና ፈታሁ። ልኩ ይህ ነው፦ ጎማውን ይዘህ ወደ ጎን ስትገፋው መነቃነቅ የለበትም፤ ስታሽከረክረው ደግሞ ራሱ ቀስ ብሎ፣ ወደ ኋላ ትንሽ ተመልሶ መቆም አለበት። አራት ጊዜ ሞክሬ ነው ያገኘሁት። ዳዶውን ስታስር የውስጡ አብሮ ስለሚዞር በሁለት ቁልፍ ነው መያዝ ያለበት። አንዱን በእንግሊዝ ቁልፍ ያዝኩት።

ሩጫ፦ ሦስት ቀን፣ ሐይቁ ዳር በግድቡ ላይ፣ 5 ኪሎ ሜትር። ሰዓት አልያዝኩም።

ሳምንት 3

ካቴናው። ጋሼ ገና ሲያዩት «ይሄ አልቋል» አሉ። እኔ ዝገት ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሥራ ቦታ ካለው የብረት ማስመሪያ ጋር ለካሁት። በአንድ ፒንና በቀጣዩ መሃል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 24 ስትቆጥር 304.8 መምጣት አለበት። የኔው 308 መጣ። ከ1 በመቶ በላይ ረዝሟል ማለት ነው። ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፤ ፒኖቹ ተበልተው ነው።

አዲስ ካቴና 850 ብር። ከአሮጌው ጋር አስተያይቼ በቁጥር እኩል ቆረጥኩት። አሮጌውን አስቀምጬዋለሁ።

ሳምንት 4

አዲሱ ካቴና ይዘላል። ሜዳ ላይ ደህና ነው። ቆሜ ስረግጥ ግን «ቻክ» ብሎ ይዘላል፣ እግሬ ባዶ ይወርዳል። ሁለተኛው ቀን ላይ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ሁለት ቀን አበጠ።

ጥፋቱ የኔ ነው። አሮጌው ካቴና ሲረዝም ጥርሶቹንም ከራሱ ጋር አብሮ በልቷቸዋል። አዲሱ ካቴና ልክ ነው፣ ጥርሶቹ ግን ልክ አይደሉም፤ አይናበቡም። በቅርብ ሆኜ አየኋቸው። ብዙ የተነዳባቸው ሁለቱ የኋላ ክቦች፣ ባለ 17 እና ባለ 19 ጥርሶቹ፣ በአንድ ጎን ተበልተው እንደ ሻርክ ጥርስ ሾለዋል። ብዙም ያልተነካው የባለ 28ቱ ጥርስ አሁንም ድፍን ነው። ካቴናው 306 ሳይደርስ ተቀይሮ ቢሆን ጥርሶቹ ይተርፉ ነበር። የቀድሞው ባለቤት 850 ብር ሲቆጥብ እኔ ለአዲስ የኋላ ጥርስ 1,700 ከፈልኩ።

የኋላውን ጥርስ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በረገጥክ ቁጥር እየጠበቀ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ከዓመታት በኋላ በእጅ ኃይል አይፈታም። ጋሼ መፍቻውን አዋሱኝ። በቁልፍ ሞከርኩ፣ ቁልፉ ተንሸራተተ፣ እጄ ተላጠ። በኋላ ያሳዩኝ መላ ይህ ነው፦ መፍቻውን ሞርሳ ላይ አጥብቀህ ታስራለህ፣ ቸርኬውን ከነጎማው ከላይ ታስቀምጥበታለህ፣ ከዚያ ጎማውን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጅ ይዘህ ወደ ግራ ታዞራለህ። አንድ ጊዜ «ጭር» ብሎ ተላቀቀ። ሱቃችን ውስጥ ሞርሳ በመኖሩ ተመስገን።

አዲሱን ስገጥም ክሩ ላይ ግሪስ ቀባሁ። ቀጣዩ ሰው ወይም እኔ ራሴ እንዳንቸገር።

ሳምንት 5 እና 6

ጉልበቴ ያመኛል። በመጀመሪያ ከመሪው ጋር የተጋጨው ነው ብዬ ነበር፤ ግን ያልተጋጨውም ያመኝ ጀመር። ከፊት ለፊት፣ ከሎሚው ሥር። ስሮጥ አያምም። ሳይክል ላይ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው።

የመቀመጫው ከፍታ ነበር። እኔ ሳይክል የተማርኩት ልጅ ሳለሁ በኪራይ ነው፤ ሁለቱም እግሬ መሬት እንዲነካ መቀመጫውን ዝቅ አድርጌ። ያው ልማድ ቀርቷል። በሥራዬ አንድ ሚሊ ሜትር ከሳትኩ መስኮቱ አይገጥምም፣ መስታወቱ ይመለሳል። ለራሴ እግር ግን ሜትር አውጥቼ አላውቅም ነበር።

አለካኩ፦ ባዶ እግር ግድግዳ ተደግፎ መቆም፣ ወፍራም መጽሐፍ እግር መሃል እስከ ላይ ድረስ አጥብቆ መያዝ፣ ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጫፍ መለካት። የኔ 82 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ በ0.883 ሲባዛ 72.4 ይመጣል። የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት መሃል አክሲስ እስከ መቀመጫው አናት መሆን ያለበት ይህ ነው። የኔው 68 ነበር። ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ። ጉልበቴ በእያንዳንዱ ዙር ከሚገባው በላይ ይታጠፍ ነበር።

በአንድ ጊዜ አላወጣሁትም። በሦስት ቀን አንድ ሴንቲ ሜትር። 72 ላይ ስደርስ ዳሌዬ ግራ ቀኝ ይል እንደሆነ ጓደኛዬ ከኋላ ሆኖ አየልኝ። አይልም። 72.4 ላይ ቱቦውን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ፣ በቀለም ምልክት አደረግኩ። ሕመሙ በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጠፋ። ይህን ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒት ከመግዛቱ በፊት ሜትር ያውጣ።

ሳምንት 7

ዝናብ። ጉንፋን። ሁለት ቀን ብቻ ሮጥኩ።

ሳምንት 8

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌሎች ጋር ነዳሁ። እሑድ ጠዋት አምስት ሆነን በጥቁር ውሃ አድርገን ወደ ሻሸመኔ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወደዚያ ሲሄዱ ዳገት ይበዛዋል። ሲኖትራክ ስለሚበዛ በአንድ መስመር ነው የሄድነው።

ከሰው ጀርባ መጠለል ምን እንደሆነ ያወቅኩት ዛሬ ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላ ያለው በጣም ባነሰ ጉልበት እኩል ፍጥነት ይሄዳል። ግን ጎማህ ከፊተኛው ጎማ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ መሆን አለበት። እኔ ፈራሁ፣ ሁለት ሜትር ሰጠሁ፤ በሁለት ሜትር ላይ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሌላም ስህተት፦ የፊተኛውን ጎማ ብቻ አፍጥጬ አያለሁ። አንዱ ልጅ «ወንድሜ፣ ጎማውን አትይ፣ ትከሻውን እይ። ፍሬን ከመያዙ በፊት ትከሻው ይነግርሃል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስመለስ ጋሼ ጋ ቆሜ ሻይ ጠጣን። ስለ ገረመው ደንቦባ አጫወቱኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ከሯጮቹ ጋር ሳይክል ነጂዎችም ነበሩ፣ እሱ አንዱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሮም ላይም ነበር፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በዚያው ኦሎምፒክ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን አውቃለሁ፤ ገረመውን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር። የሯጮቻችንን ስም ከነሰዓታቸው በቃሌ የምይዝ ሰው ይህን አለማወቄ አሳዘነኝ። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።

ሳምንት 9

ሩጫና ሳይክል አንድ ቀን ላይ ሞከርኩ። ከሳይክል ወርዶ ወዲያው ሲሮጥ እግር የራስ አይመስልም፣ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ይከብዳል። ለኔ ውድድሮች ስለማያስፈልግ ተውኩት። ማክሰኞና ሐሙስ ሩጫ፣ ረቡዕና እሑድ ሳይክል፣ ቅዳሜ ታቦር ተራራን በእግር ወጥቶ መውረድ።

ሳምንት 10 (ጥቅምት መጀመሪያ)፣ የሳይክል ውድድር

መመዝገቢያ 200 ብር። የ3 ኪሎ ሜትር ዙር፣ አሥር ጊዜ። ኮርስ እና ማውንቴን ለየብቻ። በኮርስ 22 ነን። ግማሾቹ ክለብ ያላቸው፣ ማልያ የለበሱ።

ፊሽካው ሲነፋ ከሁሉም ፊት ወጣሁ። ለምን እንዳደረግኩት አሁንም በደንብ አላውቅም። ሕዝቡ ዳር ላይ ቆሞ ያጨበጭባል፣ እግሬ ትኩስ ነው፣ መንገዱ ሜዳ ነው። አንድ ዙር ተኩል እኔ መራሁ። ከኋላዬ ሃያ ሰው ተጠልሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ራሴ ተምሬዋለሁ። ግን አልቀነስኩም።

ሦስተኛው ዙር ላይ ማዞሪያው ጋ ሁለቱ ማልያ የለበሱ ልጆች በሁለት ጎኔ አለፉ። ተነስቼ ረገጥኩ። እግሬ እሺ አላለም። ግሩፑ በሙሉ በአንድ ጊዜ አለፈኝ፤ የመጨረሻውን ሰው ጀርባ ለመያዝ ሞከርኩ፣ አንድ ሜትር፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር። አንድ ጊዜ ከተላቀቅክ ነፋሱ የብቻህ ነው። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ብቻዬን ነዳሁ። ሰባተኛው ዙር ላይ መሪዎቹ ደረሱብኝ። ሕጉ የተደረበ ይወጣል ነው። ዳኛው እጁን አወዛወዘ፣ ወጣሁ።

ሳይክሉ ምንም አላጎደለም። ካቴናው አልዘለለም፣ ኩሽኔታው አልተነቃነቀም፣ ጉልበቴ አላመመኝም። ይህንን ለየብቻ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የአሥር ሳምንት ሥራ ነው።

ጋሼ ዳር ቆመው ነበር። ውሃ ሰጡኝ፣ ስለ አነዳዴ ምንም አላሉም። ቸርኬውን አንስተው አሽከረከሩትና «ጥሩ አስረኸዋል» አሉ።

ሳምንት 11 እና 12

ለሩጫው ያለ ሰዓት መሮጥ ቀረ። ስልኬን ክንዴ ላይ አስሬ በስትራቫ (ሩጫ በሚለካ የስልክ መተግበሪያ) መያዝ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ውጤት፣ 5 ኪሎ ሜትር፣ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በደቂቃና በሰከንድ፦ 4፡38፣ 4፡55፣ 5፡20፣ 5፡41፣ 5፡36። የሳይክሉ ውድድር ቁልጭ ብሎ እዚህም አለ። ሁልጊዜ እንዲህ ስሮጥ ኖሬያለሁ፣ ሳላውቀው።

ያደረግኩት፦ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከ5፡20 በታች እንዳልሮጥ ራሴን ከለከልኩ። ከባድ ነው። እንደ መጎተት ነው የሚሰማው። መለኪያዬ ትንፋሽ ሆነ፤ በአራት እርምጃ አንድ ጊዜ ከሳብኩ ደህና ነው፣ በሁለት ከሆነ ቸኩያለሁ። በአምስተኛው ቀን፦ 5፡22፣ 5፡14፣ 5፡10፣ 5፡09፣ 4፡58። ድምሩ ከመጀመሪያው ቀን በ17 ሰከንድ ይፈጥናል፣ ስጨርስ ግን ማውራት እችላለሁ። አሞራ ገደል ጋ አባ ኮዳዎቹ መሃል ቆሜ ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት።

ሳምንት 13

10 ኪሎ ሜትር ሙከራ፣ ሐዋሳ፣ ሜዳ ላይ፦ 51፡48። ለአዲስ አበባ 55 አስቤያለሁ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መስቀል አደባባይ ከ2,300 በላይ ነው። አየሩ ይሳሳል፣ ዳገትም አለ። ሦስት ደቂቃ ጨመርኩ። ይህም በግምት ነበር።

ሳምንት 14 እና 15

ጫማ። የነበረኝ ሶሉ አልቋል። ከሳልባጅ ያገለገለ፣ ግን ሶሉ ያልተነካ፣ 2,800 ብር። አዲሱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው ችግሩ። ታቦርን ስወርድ ጣቴ ከፊት እየተመታ የትልቁ ጣት ጥፍር ጠቆረ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ መኖር ነበረበት። ሌላ የምገዛበት ገንዘብ የለም። ክሩን ከቁርጭምጭሚቱ ጋ ባለችው የመጨረሻ ቀዳዳ አስገብቼ ተረከዜን ወደ ኋላ አጥብቄ አሰርኩት። እግሬ ወደ ፊት መንሸራተቱ ቀነሰ።

የታላቁ ሩጫን ምዝገባ ታላቅ ወንድሜ ከፈለልኝ። ቲሸርቱን ከአዲስ አበባ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ።

ሳምንት 16፣ ታላቁ ሩጫ

ቅዳሜ ማታ አክስቴ ቤት ገባሁ። የገና ጾም ሊገባ ነው፣ ዶሮ ተሠርቷል። ቀለል ያለ ነገር ልብላ ብዬ አስቤ ነበር። «ከሐዋሳ ድረስ መጥተህ! በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» አለች። በላሁ። ሁለተኛም በላሁ። አክስት ናት፣ በሞቷ ብላለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ሆዴ አላስተኛኝም።

ጠዋት መስቀል አደባባይ። ከአርባ ሺህ ሰው በላይ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ማየት በቴሌቪዥን ከሚታየው ጋር አይገናኝም። ከበሮ፣ ጥሩንባ፣ ጭፈራ። በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው፤ ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሬዲዮ ላይ ነው የሰማሁት። እዚያ ቆሜ ዕንባዬ መጣ።

የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር 6፡50። መቸኮል ቀርቶ መሮጫ ቦታ የለም። ሰው ይጨፍራል፣ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል። ይህ ለብዙዎቹ በዓል ነው፣ መብታቸው ነው። የኔ ስህተት ዘግይቼ መድረሴና ከኋላ መሰለፌ ነው። የባሰው ስህተት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የጠፋውን ደቂቃ ልመልስ ብዬ ግራ ቀኝ እየተሹለከለክሁ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ እየወጣሁ እየወረድኩ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ኪሎ ሜትር በ4፡50 ሮጥኩ። በ2,300 ሜትር ላይ። ዶሮ በልቼ።

ዳገቱ ላይ ትንፋሼ በሁለት እርምጃ ሆነ፣ ከዚያ በአንድ። ቆምኩ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል በእግሬ ሄድኩ። አንድ አባት፣ ስልሳ የሚያልፋቸው፣ በአጠገቤ በዝግታ እየሮጡ አለፉ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «አይዞህ፣ ቀስ» አሉኝ። ከኋላቸው ገባሁ። እንደ ሳይክሉ፣ ትከሻቸውን እያየሁ። ፍጥነታቸው በኪሎ ሜትር 5፡50 ገደማ ነበር፣ ሳይቀንስ ሳይጨምር። ትንፋሼ ወደ ሦስት እርምጃ ተመለሰ። እስከ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር አልለየኋቸውም። ከዚያ ደህና ነኝ ብዬ አመስግኜ አለፍኩ።

በስልኬ 59፡34። ስልኩ የለካው 10.3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትርፉ ከፊሉ የመሹለክለኩ ዋጋ ሳይሆን አይቀርም። ሜዳሊያው አንገቴ ላይ እያለ ሳር ላይ ተቀመጥኩ። አባትየውን ፈለግኳቸው፣ በሕዝቡ መሃል አላገኘኋቸውም።

ከሩጫው በኋላ ባለው ሳምንት

ወጪ፦ ሳይክል 14,000። ጎማ፣ የውስጥ ጎማ፣ የፍሬን ጎማ 4,350። ብይና ግሪስ 280። ካቴናና የኋላ ጥርስ 2,550። ሄልሜት 1,900። ጫማ 2,800። የሳይክል ውድድር መመዝገቢያ 200። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 1,700። ድምር 27,780 ብር። ካቴናው በጊዜው ተቀይሮ ቢሆን 1,700ው ይቀር ነበር። ሌላው ሁሉ የሚገባ ወጪ ነው።

ጥፍሬ ሊነቀል ነው፣ ከሥሩ አዲስ እየወጣ ነው። ዛሬ ማታ ካቴናውን ለካሁት፦ 305። ገና ነው። በየወሩ መጀመሪያ ላይ ለመለካት ሱቁ ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ለጥፌያለሁ፤ ቀን፣ ሚሊ ሜትር፣ የተነዳ ኪሎ ሜትር።

ጋሼ የሚቀጥለው የዙር ውድድር መጋቢት ላይ ነው ብለዋል። እስከዚያ እሑድ እሑድ ከአራቱ ልጆች ጋር ወደ ሻሸመኔ እነዳለሁ፣ ከኋላ ሆኜ፣ በግማሽ ሜትር።